ክፉውን ጀግና ለምን ወደድኩት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 26 ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ «ዳርክ ሮማንስ» የሚባሉ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶችን በስልኬ ማንበብ ለምዶብኛል። ጀግናው ብዙ ጊዜ የማፊያ አለቃ ነው። ሴቲቱን ያግታል፤ ለእሷ ሲል ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው በእውን ቢመጣ ሮጬ ነው የማመልጠው። መጽሐፉ ላይ ግን ልቤ ይሸፍታል። ኃጢአት ነው ወይስ ዝም ብሎ ታሪክ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። የሚያነበው ብዙ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት። እኔም ሳላይ እንዳልፈርድ ብዬ አንዱን ገለጥ አድርጌው ነበር። ገና መግቢያው ላይ ለአንባቢ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ደራሲዋ ከእኔ ቀድማ ፈርታለች!

በኃጢአተኛ ሰው ታሪክ ልብሽ መነካቱ ነውር የለውም። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ስንሰማ ማን የማይነካ አለ? 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ሙሴ ጸሊምም የሽፍቶች አለቃ ነበር። ለዓለም ሁሉ ጨካኝ የሆነ ሰው ለአንዲት ሴት ብቻ ሲለሰልስም ደስ ይላል። ከሰው ሁሉ ተለይቶ መመረጥ ይጣፍጣላ።

ግን ሙሴ ጸሊም ሽፍትነቱን ጥሎ ነው በግብፅ በረሃ፣ አስቄጥስ የመነነው። ያንቺ ጀግና ምኑን ጣለ? እኔ ባየሁት መጽሐፍ ሰውዬው እስከ መጨረሻው ያው ነው። የተለወጠችው እሷ ናት፤ ለመደችው።

እገታው ደግሞ በእኛ አገር ስም አለው፤ ጠለፋ ይባላል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነው የሚያምረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እስኪለውጠው ድረስ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ልብ ወለዱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ መጨረሻው ጋብቻ ከሆነ መጀመሪያው ይረሳል። ተጠልፈው የተዳሩ እናቶችን ጠይቂ፤ አልረሱትም።

2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን አንብቢ። አምኖን ትዕማርን ከመውደዱ የተነሣ ታሞ ነበር። በግድ ከደፈራት በኋላ ግን ከወደዳት ይልቅ የጠላት በለጠ፤ በር አስዘጋባት። ልብ ወለድ ቢሆን ሕመሙ ላይ ብዙ ምዕራፍ ይጻፍለት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከትዕማር ጋር ወጥቶ አመድ ነስንሳ ስትጮኽ ያሳየናል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በሐሳብ፣ በንግግርና በሥራ ይሠራል ትላለች። ታሪክ ማንበብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የመኝታ ቤቱን ክፍል እየፈለግሽ የምትመለሺበት ከሆነ ግን ሐልዮ ውስጥ ገብተሻል፤ ንስሐ ያስፈልገዋል። ለጊዜው ስልክሽን ሌላ ክፍል ትተሽ ተኚ። ምናልባት አንቺም በሰው እጅ የተጎዳሽበት ነገር ካለና መጽሐፉ እሱን የሚነካካ ከሆነ፣ ያ ኃጢአትሽ አይደለም፤ ለምታምኛት ሴት ወይም ለባለሙያ ንገሪ።

የንስሐ አባትሽ «ዳርክ ሮማንስ» ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። «ጠላፊዋን የወደደች ሴት ታሪክ አነባለሁ» ብትያቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል።