ድምፅ አልባ ፊልምን ለሥራ ማየት

ፊልም ለመሥራት ለተነሳችሁ ልጆቼ፣

እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣውን የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የዲ. ደብሊው. ግሪፊዝን ድምፅ አልባ ፊልም «ዌይ ዳውን ኢስት» ፈልጋችሁ እዩ። አና የምትባል ደሃ የገጠር ልጅ ቦስተን ወዳሉ ሀብታም ዘመዶቿ ትሄዳለች። ሳንደርሰን የሚባል ባለጸጋ በሐሰት ጋብቻ አታሎ ያስረግዛትና ይተዋታል። ሕፃኑ ይሞታል፤ አከራይዋም ታባርራታለች። መጨረሻ ላይ ባርትሌት የተባሉ ገበሬ ቤት ሥራ አግኝታ ትጠጋለች፤ ልጃቸው ዴቪድም ይወዳታል።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው አና ከባርትሌት ቤት ተባርራ ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ በረዶ ስትወሰድና ዴቪድ ሲያድናት ያለውን ትዕይንት ነው። እናንተ ግን ከማባረሩ በፊት ባለው ላይ ቆዩ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ተመልካቹ፣ አና፣ ቤተሰቡ። በየትዕይንቱ ማን ምን እንደሚያውቅ ጻፉ። ሳንደርሰን በዚያ ቤት የተከበረ እንግዳ ነው፤ እኛ ማንነቱን እናውቃለን፣ አባወራው አያውቁም። ስለዚህ አናን ከቤት ሲያስወጧትና እሷም ገበታው ላይ የተቀመጠውን ሰው ስታጋልጠው ትዕይንቱ ብዙ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ጀማሪ ጸሐፊ ምስጢሩን ከተመልካቹ ደብቆ መጨረሻ ላይ ያወጣዋል፤ ያኔ ተመልካቹ ይደነግጣል እንጂ ቀድሞ አይጨነቅም።

እርቁም የሚያሳምነው በዚሁ ምክንያት ነው፦ የፈረዱት አባወራ ራሳቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ አናም ሳንደርሰን ዘግይቶ ያቀረበውን የጋብቻ ጥያቄ አትቀበልም። በመጨረሻ ሦስት ጥንዶች አንድ ላይ መጋባታቸው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዝቷል።

የወንዙን ትዕይንት ድምፅ ዘግታችሁ ሾት በሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸውን እያንዳንዱን ቁራጭ) ቁጠሩት። አና የተኛችበት የበረዶ ንጣፍ፣ ከንጣፍ ንጣፍ የሚዘለው ዴቪድ፣ ፏፏቴው፤ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ቀረጻው በአንድ ቦታ አላለቀም፦ ከፊሉ ቬርሞንት ውስጥ ኋይት ሪቨር ጃንክሽን፣ ከፊሉ ኮነቲከት ውስጥ ፋርሚንግተን ነው። አንድ ወንዝ ያደረገው ኤዲቲንጉ (ቁርጥራጮቹን መቀጠሉ) ነው፤ ስለዚህ የውሃው ፍሰት አቅጣጫ ከሾት ሾት እንዳይገለበጥ እንዴት እንደተጠበቀ አስተውሉ። ተዋናይቷ ሊሊያን ጊሽ እጇንና ፀጉሯን በረዶው ውሃ ውስጥ ነክራ ተኝታለች፤ ጣቶቿ ላይ የደረሰው ጉዳትም አብሯት ኖሯል። ይህን አትኮርጁ፤ እጅን ለይቶ በቅርበት መቅረጽ ይበቃል።

ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ሲጣደፉ ካያችሁ ጥፋቱ የትወናው ሳይሆን የማጫወቻው ፍጥነት ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ጫማ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይይዛል። 1000 ጫማ በሰከንድ 16 ፍሬም ሲሄድ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል፤ በ24 ከሄደ 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ። ካሜራው በእጅ ይዞር ስለነበር ፍጥነቱ ከትዕይንት ትዕይንት ይለያያል። ማጫወቻችሁን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉት፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሆኖ ወደ ቪዲዮ የተቀዳው ወደ 18 ይወርዳል። አረማመዱ የሰው አረማመድ ካልመሰለ ትንሽ ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

ቀለሙንም እዩ። በዚያ ዘመን ሌሊቱ ሰማያዊ፣ የመብራቱ ክፍል ቢጫማ ተደርጎ ይቀባ ነበር። ቀለሙ በጠፋበት ኮፒ ሌሊቱ እኩለ ቀን ይመስላል፤ ጸሐፊው ተሳስቷል ብላችሁ እንዳትጽፉ።