ድንጋዩ እስኪደርቅ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ፣ እዚህ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከብባችሁ ይዛችሁኝ «ጋሼ፣ ያንን ቋጥኝ መቼ ነው የሚያስወጡን?» አላችሁኝ። በር ላይ ቆሜ ልመልስላችሁ አልወደድኩም። ሠላሳ ዓመት የድንጋይና የአፈር ጥንካሬ ሲመረምር የኖረ ሰው ስለ ድንጋይ ከጀመረ ቶሎ አያቆምምና በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ቋጥኝ ያላችሁት ኢንዲፔንደንስ ሞኑመንት ነው። ከግራንድ ጃንክሽን ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጥብቁ የኮሎራዶ ብሔራዊ ሞኑመንት ሸለቆ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ ቁመቱ 137 ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ሁለት ሸለቆዎችን የሚለይ ግድግዳ ነበር፤ ግድግዳው ተሸርሽሮ ሲያልቅ እሱ ቀረ። ዐናቱን ጠንከር ያለ ድንጋይ እንደ ባርኔጣ ደፍቶለታል። ገላው ግን ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የወጣው ጆን ኦቶ ይባላል። ሸለቆው እንዲጠበቅ ሲወተውት የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ጥብቅ ሲሆን በወር አንድ ዶላር እየተከፈለው ጠባቂ የሆነ ሰው ነው። ድንጋዩን እየበሳ የብረት ቧንቧ እየሰካ ወጣና ጫፉ ላይ ባንዲራ ሰቀለ። በዚያው ዓመት እግሩ ሥር ሠርጉን ደገሰ። ሙሽራዪቱ ብዙም ሳትቆይ ጥላው ሄደች፤ ከድንኳን ሌላ ቤት የማይፈልግ ሰው አግብታ ምን ታድርግ። ቧንቧዎቹ ኋላ ተነቅለዋል። ቀዳዳዎቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ጣታችሁንና የጫማችሁን ጫፍ የምታስገቡት እዚያ ውስጥ ነው። ሸለቆውን ያስጠበቀው ሰው ራሱ በሳው፤ ዛሬ ያንን ቢሠራ የፓርኩ ጠባቂዎች አይለቁትም ነበር። እኔም ቀዳዳዎቹን እየረገጥሁ ወጥቼ ልወቅሰው አፍ የለኝም።

ወደ አሸዋው ልመለስ። ቅንጣቶቹን ያያያዛቸው ሸክላና ኖራ መሰል ማዕድን ነው፤ ውሃ ሲገባበት ይልማል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደረቁን ናሙና መጭመቂያው ሥር አድርጌ ስንት እንደሚችል እመዘግብ ነበር። ከዚያው ድንጋይ የተቆረጠ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ ሌላ ናሙና በግማሹ ጭነት ሲፈረካከስ ያየሁት አንዴና ሁለቴ አይደለም። ይህን በወረቀት ላይ የጻፍኩት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዝናብ በዘነበ ማግሥት ያንኑ ድንጋይ ለመውጣት ተነሣሁ። ከዴንቨር አራት ሰዓት ነድቻለሁ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ግድግዳው ነጣ ብሎ ደርቋል። ሁለተኛውን የገመድ ርዝመት ስወጣ የረገጥኩት ጠርዝ ከነእግሬ ሄደ። ስድስት ሜትር ያህል ወረድኩ፤ ስንጥቁ ውስጥ ከወጠርኳቸው የገመድ መያዣ ብረቶች አንዱ ድንጋዩን ፍቆ ወጣ፣ ከሱ በታች ያለው ያዘኝ። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ታች ስደርስ ስባሪውን አገኘሁት። ላዩ እንደ ብስኩት ደርቋል። ውስጡ የጠቆረ፣ የረጠበ ነው። በአውራ ጣቴ ጫን ስለው አሸዋ ሆኖ መዳፌ ላይ ፈሰሰ።

ስለዚህ ከዝናብ በኋላ አንድ ቀን፣ ዶፍ ከሆነ ሁለትም ሦስትም ቀን ጠብቁ። ግድግዳውን አትመኑ። ከሥሩ ያለውን አሸዋ በጣታችሁ ጫሩት፤ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ከሆነ ድንጋዩም እንደዚያው ነው። የእናንተ አጥንት ብቻ አይደለም ነገሩ፤ የሰበራችሁት ጠርዝ ለሚቀጥለው ሰው አይበቅልም።

የቀረውን መንገድ ላይ እነግራችኋለሁ። ብቻ ጥቁርና ጎርበጥባጣ የሆነውን አፈር አትርገጡ፤ ሕይወት ያለው ቅርፊት ነው፣ አንድ ዱካ ለመሻር ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በተሠራው መንገድ ወይም በደረቁ ወንዝ ሂዱ። በገመድ ስትወርዱ ደግሞ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ ላይ ለየብቻ ቋጠሮ አስሩ። ሰው ደክሞት ሲወርድ ገመዱ ማለቁን አያይም።

እናቶቻችሁ «ይሄ የፈረንጅ እብደት ነው» ካሏችሁ የትግራይን ገርዓልታ አንሱላቸው። የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለው በአሸዋ ድንጋይ ማማ ውስጥ ነው፤ ጫማ እግሩ ሥር ይወልቃል፣ እናት ልጇን ለክርስትና አዝላ በባዶ እግሯ ትወጣለች። እኔ በወጣትነቴ ስወጣ እግሬን የት እንደማሳርፍ እየጠቆሙ ያወጡኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ገመድ የለ፣ ቀበቶ የለ። ሳልጠይቃቸው እጄን ድንጋዩ ላይ ጫን አድርገው «መጀመሪያ ስማው» አሉኝ። ያኔ ለጸሎት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ከእናንተ የሚበልጥ አንድ ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት አሸዋውን ጫርኩት፣ እርጥብ ነው፤ «ወደ ቤት» አልኩት። መኪና ውስጥ አኩርፎ ተቀመጠ። ፓሊሴድ ስንደርስ ቆሜ አንድ ሣጥን ኮክ ገዛሁ፤ በነሐሴ የፓሊሴድን ኮክ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው። ዴንቨር እስክንገባ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ግማሹን ጨረሰው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ደውሎ «ጋሼ፣ ሰሞኑን እዚያ አልዘነበም፤ አይቻለሁ» አለኝ።

እናንተም እንደዚያ ስትደውሉልኝ እንሄዳለን። ውሃ ለእያንዳንዳችሁ አራት ሊትር ያዙ።