ለሩቅ ሆስፒታል ነርሶች ትምህርት ለምታዘጋጁ ወጣቶች

ይድረስ ለልጆቼ፣

ጎንደር ተቀምጣችሁ ለደባርቅ፣ ለመተማ፣ ለሳንጃና ለደልጊ ነርሶች በስልክ የሚደርስ ተከታታይ ትምህርት ልታዘጋጁ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከዕድሜዬ የሚበዛው ያለፈው በዋርድና በማስተማሪያ ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ “ሲስተር፣ እስቲ ይህን ይዩልን” የሚለኝ አልጠፋም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ጥቂት ብጨምር አትቀየሙኝም ብዬ ነው።

ረቂቃችሁን አንብቤዋለሁ። በደንብ የተደከመበት ነው። እናንተ የምታውቁትን ሁሉ ይዟል፤ እዚያ ያለችው ነርስ የምትጠይቀውን ግን አንድም ገጽ ላይ አላገኘሁትም። ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቋት። “ምን መማር ትፈልጊያለሽ?” ብላችሁ አይደለም፤ እንዲያ የተጠየቀ ሰው “ሁሉንም” ነው የሚለው። “ባለፈው ሳምንት የትኛዋ ታካሚ አስጨነቀችሽ? ምን አደረግሽላት? ምን ጎደለሽ?” በሏት። ትምህርቱ ከዚያ ይወጣል።

ማግኒዚየም ሰልፌትን እንውሰድ። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ግፊቷ ጨምሮ ስትንቀጠቀጥ የሚሰጠው እሱ መሆኑን የማያውቅ ነርስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ማግፓይ የተባለው ጥናት ደግሞ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ ሕመም) ያለባት እናት ገና ሳትንቀጠቀጥ ከወሰደችው የመንቀጥቀጥ አደጋዋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ስላይድ ላይ ብታሰፍሩት ጥሩ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዋን ተረኛ የሆነችው ነርስ የምትቸገረው ግን ሌላ ቦታ ነው። መመሪያው “4 ግራም በ20 በመቶ ሶሉሽን በደም ሥር” ይላል፤ እጇ ላይ ያለው አምፑል (የመድኃኒቱ ብልቃጥ) 50 በመቶ ነው። ከእሱ 8 ሚሊ ሊትር ቀድታ፣ 12 ሚሊ ሊትር ስቴራይል ውኃ ወይም ኖርማል ሳላይን ጨምራ፣ 20 ሚሊ ሊትር አድርጋ ቢያንስ በ5 ደቂቃ ቀስ ብላ መስጠት አለባት። ቀጥሎ ያለው 10 ግራም ግን አይቀጥንም፤ ባለ 50 በመቶው 5 ግራም፣ 5 ግራም ሆኖ በሁለቱ መቀመጫ ጡንቻዎች ይወጋል። አንዱ ቀጥኖ አንዱ ሳይቀጥን መሰጠቱ ነው እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ የሚደባለቀው። በየአራት ሰዓቱ የሚደገመውን 5 ግራም ከመስጠቷ በፊትም የታካሚዋ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መንፈራገጡን፣ ሽንቷም በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ታያለች። መድኃኒቱ ከበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። እሱስ የት ነው ያለው? ዋርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው ወይስ ፋርማሲው ጋ ተቆልፎበታል? ቁልፉን የያዘው ሰው ሌሊት የት ነው የሚያድረው?

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ስላይድ ባይሆን እመርጣለሁ። “አሁን ተነስታችሁ አምፑሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡና ላኩልን፤ ካልሲየም ግሉኮኔታችሁም የት እንዳለ ጻፉልን” የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። የሚመጣላችሁ መልስ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ ቀጣዩን ትምህርት የምትጽፉት ያንን ካያችሁ በኋላ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም ፕሮጀክት ኤኮን ሲጀምሩ፣ ታካሚው ሩቅ መንገድ ተጉዞ ወደ እሳቸው እንዲመጣ አላደረጉም። የገጠሩ ባለሙያ በቪዲዮ የራሱን ታካሚ ያቀርባል፤ ስፔሻሊስቶቹና ሌሎቹ የገጠር ባለሙያዎች አብረው ይመክሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ውጤታቸው እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ ገጠር ላይ ሄፓታይተስ ሲ የታከመው ሰው የዳነው ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከታከመው እኩል ነው። እኛ ጋ ቪዲዮው ይቅርብን፤ ጉዳዩን ማቅረቡ ግን በድምፅ መልእክትም ይሆናል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን አብሮ አሰልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። መላኩን ተክነንበታል። የተላከው ሰው ከዓመታት በኋላ አዲስ ነገር የሚሰማበትን መንገድ ግን ገና አላበጀንም። የወለደች እናት የፈሰሳትን ደም በዓይን ገምቶ መመዝገብን የተማረ ነርስ ስንት ነው! እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣው፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተካሄደው ኢሞቲቭ የተባለ ጥናት ልኬት ያለው ፕላስቲክ ከእናቲቱ ሥር አንጥፎ ደሙን መለካትና ማሕፀን ማሸቱን፣ መድኃኒቱንና በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ባንድ ጊዜ መጀመር ከባድ መድማትና ከእሱ የሚመጣውን ጉዳት በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን ለሳንጃዋ ነርስ ማን ይንገራት? የሆቴሉ ስልጠና እንዳትሉኝ። አበል ያለበት ስልጠና ሲመጣ ማን እንደሚላክ እናንተም እኔም እናውቃለን፤ የሌሊት ተረኛዋ አይደለችም።

በስልክ የማይተላለፍም አለ። ትንፋሽ ያልጀመረ ሕፃንን በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ማስተንፈስን በቃል ማስጠናት ይቻላል። ማስኩ ፊቱ ላይ መግጠሙንና ደረቱ ከፍ ማለቱን ግን እጅ ነው የሚማረው፤ እጅ ደግሞ ካልደጋገመ በጥቂት ወራት ይረሳል፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ በገና ክሩ እንደሚላላ። ስለዚህ የመለማመጃ አሻንጉሊቱንና ባጉን ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡላቸው። ተረኛ ሲቀያየር አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይለማመድበት፤ ሌላው ይመልከተው። ይህን ሜትረኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ካልያዘችው አይሆንም። ስለዚህ ከነርሶቹ በፊት ከሜትረኗ ጋር ተነጋገሩ፤ ከተቻለም ሄዳችሁ ቡና ጠጡ።

ስለ አቀራረቡ ብዙ አልልም። ድምፁ አጭር ይሁን፤ ዳታ የሚገዛው ከነርሷ ደመወዝ ነው። ማብራሪያው በአማርኛ፣ የመድኃኒቱ ስም ካርቶኑ ላይ እንዳለው ይሁን። ኔትወርክ ለወራት ሲጠፋ አይተናልና የታተመ ወረቀት አብሮ ይሂድ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈበትን ቀን አስፍሩ፤ የድሮ መጠን ያለበት ወረቀት ከሰው ሰው እየተላለፈ ዓመታት ይዞራል።

መተማ ላይ ደግሞ ተማሪ ትሆናላችሁ። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወርዶ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሕመሙ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ሊሆን እንደሚችል የእዚያ ነርሶች ከደጃፉ ይጠረጥራሉ። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ለ17 ቀን በመርፌ ይሰጣል። መድኃኒቱን መውጋት ቀላሉ ነው። ሳይጨርስ “ተሽሎኛል፣ ሥራዬ ያልፍብኛል” የሚለውን ሰው አግባብቶ እስከ 17ኛው ቀን ማቆየት ትልቁ ሙያ ነው፤ ይህ ደግሞ በማንኛውም ስላይዳችሁ ላይ የለም። የመተማ ነርሶች ይንገሩ፣ የደባርቆቹ ያዳምጡ። ሠራተኛው ታሞ አገሩ ከተመለሰ የሚመጣው እነሱ ዘንድ ነውና።

ስለ ሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ትምህርት) ነጥቡ የምትጨነቁ አላችሁ። ነጥቡን አልንቅም፤ ፈቃድ የሚታደሰው በእሱ ነው፤ ዕረፍቷን ሠውታ ለተማረች ነርስም ይገባታል። ነገር ግን ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ብቻ ከሆነ መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ስልክ ላይ ይደርሳል። ነጥቡን ካቀረበችው የታካሚ ጉዳይ ጋር ብታያይዙት ይሻላል።

የታካሚውን ፊት፣ ስምና ካርድ ቁጥር የስልክ ቡድኑ ውስጥ የለጠፈ ሰው ወዲያው ያጥፋው። ቀበሌዋን መጥቀስም ይከለከል፤ በዚህ አገር ሰው ይተዋወቃል፣ ዕድሜዋና ቀበሌዋ ከተነገረ ማን መሆኗን የሚያውቅ አይጠፋም። ቡድኑ የሪፈራል (ታካሚ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላክበት) ስልክ አለመሆኑንም ከላይ በጉልህ ጻፉት፤ አስቸኳይ ሲሆን የሚደወለው ለተረኛው ሐኪም ነው።

የምፈራላችሁ ሌላው ሳይሆን ዝምታችሁ ነው። ጥያቄ ልካ ሦስት ቀን መልስ ያጣች ነርስ ሁለተኛ አትጠይቅም፤ ጓደኞቿም አይጠይቁም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት መልስ ሰጪ የሚሆነውን ሰው በየቀኑ ተራ አውጡለት። ተራውን ስታወጡ የጥምቀትን ሳምንት ባዶ አትተዉት፤ እዚህ ሁላችንም ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ እዚያ ማዋለጃ ክፍል ተረኛ አለች። እኔንም አንድ ቀን መድቡኝ። ሐሙስ ቢሆን ይመቸኛል።