ጁባ ለሚገባ ዕቃ ጋምቤላ ወይስ ሞምባሳ?

ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ የምትልከውን ዕቃ በኬንያው ወደብ በሞምባሳ አስገባው። «ጋምቤላ ለጁባ ቅርብ ነው፣ በዚያ ብሞክርስ?» ላልከው፣ ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል እንጂ ከድንበሩ ማዶ እስከ ጁባ የሚያደርስ አስፋልት የለም። ዝናብ ሲገባ ጭቃው የጭነት መኪና ይውጣል።

መስመሩ ሞምባሳ፣ የኬንያና የዩጋንዳ ድንበር ማላባ፣ የዩጋንዳዋ ጉሉ፣ ከዚያ የደቡብ ሱዳን መግቢያ ኒሙሌ ድንበር ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር በ2012 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀ አስፋልት ነው። ጁባ የምትበላውም የምትለብሰውም በአብዛኛው በዚህ ይገባል።

ናፍታው ሳይቀር በቦቴ የሚመጣው በዚሁ ነው። አገሪቱ ነዳጅ አምራች ናት፣ ግን ድፍድፉ በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን ይሄዳል፤ የተጣራው ደግሞ በዩጋንዳ በኩል ተገዝቶ ይመጣል። የሚገርም ነው፣ ግን እውነታው ይኸው ነው። ስለዚህ ባለመኪናው የነገረህ ዋጋ ናፍታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ክፍያውን ዕቃው ሳይጫን ቁረጠው፣ በጽሑፍም ያዘው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሽያጭህን በአገሩ ፓውንድ ይዘህ አትቀመጥ። መንግሥት ዶላር የሚያገኘው ከሞላ ጎደል ከነዳጅ ብቻ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከሱዳን ጋር በነዳጅ ማስተላለፊያ ክፍያ ተጣልተው ምርት አቆሙ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሱዳኑ ጦርነት መሀል ዋናው ቧንቧ ተበላሸ፣ ፓውንዱም ተንኮታኮተ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴ ጠዋት የለጠፈውን ዋጋ ከሰዓት ሲቀይር አይቻለሁ። የሸጥክበትን ገንዘብ ቶሎ ወደ ዕቃ መልሰው። ዱቤማ ጨርሶ እርሳው።