ጥያቄና መልስ፦ ደላላ፣ ታፔላ እና የተዋሰ ንግድ ፈቃድ

ሐምሌ ሲገባ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ንግድ ፈቃድ ይሆናል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስድብ ካለባቸው ላይ ደግሞ ስድቡን አውጥቻለሁ።

ከጂማ ቦሳ አዲስ አንድ ወጣት ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የሚያወጣለት ደላላ ማግኘቱን ነግሮኝ፣ የተጠየቅኩት ብር አልበዛም ወይ ይላል።

በዝቷል። ቲን በነፃ ነው። አሻራ የምትሰጠው አንተ እንጂ ደላላው አይደለምና የፋይዳ መታወቂያህን ይዘህ ራስህ ሂድ።

አጂፕ አካባቢ ቁርስ ቤት ልትከፍት ያሰበች እህት ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና እና ገቢዎች ሄዳ ሦስቱም ሌላ ሌላ ነገር እንደነገሯት ትጽፋለች። ማንን ልመን?

ሦስቱንም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ነው የነገረሽ። ምግብ ቤት ከንግድ ፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ከሚጠየቅባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። የጤና ባለሙያው መጥቶ የሚያየው ሽንት ቤቱን፣ ውሃውን፣ የፍሳሽ መውረጃውንና የዕቃ ማጠቢያውን ነው፤ የሠራተኞችሽን የጤና ምርመራ ወረቀትም ይጠይቃል። ስለዚህ ቤቱ ለሥራው መብቃቱን ሳታረጋግጪ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ አትክፈዪ። ቀለም ቀብቶ ወንበር ደርድሮ ሲያበቃ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ተከራዮች ጋር የጋራ መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው።

የኪራይ ውሉንም በውልና ማስረጃ አስጸድቂው። አከራይ "ውሉ ላይ ትንሽ አሳንሰን እንጻፈው" ካለሽ የኪራይ ግብር ሸሽቶ ነው። ያንቺ ግብር ሲሰላ ግን በወጪ የሚያዝልሽ ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

ካፌዬን "አባ ጅፋር" ብለው ይጸድቅልኛል?

ጂማ ውስጥ በዚህ ስም ያልተጠራ ምን ቀረ? ሌላ ሁለት ሦስት አማራጭ ይዘህ ሂድ፤ ስሙ ሳይጸድቅ ታፔላ አታሠራ።

ከአጋሮ የጻፉልኝ አባት ከጎረቤቶቻቸው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ቡና ገዝተው በአይሱዙ አዲስ አበባ ማድረስ አስበዋል። "እኔው ቡና አምራች ነኝ፣ ለዚህም ፈቃድ ያስፈልጋል?" ይላሉ።

ያስፈልጋል፣ አባቴ። የራስዎን ማሳ ምርት መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ቡና ሰብስቦ መነገድ ሌላ። ሁለተኛው በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የሚመራ ነው፤ መጀመሪያ ከቡናው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ ንግድ ፈቃድ ይወጣል። ያለ መሸኛ ወረቀት የተጫነ ቡና ኬላ ላይ ከተያዘ ሊወረስ ይችላል፤ ለውጭ ገበያ ደረጃ የሚበቃ ቡናን ደግሞ አገር ውስጥ መቸርቸር ክልክል ነው። እዚህ ላይ የእኔ ምክር አይበቃዎትም። አንድ ኪሎ ሳይገዙ ወረዳዎ ያለውን የቡና ባለሙያ በአካል ያነጋግሩ፤ ሹፌሩ "እኔ አሳልፈዋለሁ" ቢልዎ እንዳይሰሙት።

ኮቺ ያለች አንባቢ ልብስ ቤቷን ከዘጋች ቆይታለች፤ ፈቃዱን ግን አልመለሰችም። የአክስቷ ልጅ የግንባታ ዕቃ ሊነግድ ነውና "እስክደላደል በአንቺ ፈቃድ ልሥራ" ብሏታል። እምቢ ብል ዘመድ ይቀየመኛል ትላለች።

ይቀየሙሽ።

መጀመሪያ ነገር ፈቃዱ የወጣው ለልብስ ነው። በልብስ መደብ ሚስማርና ቆርቆሮ አይሸጥም። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል፤ አውቆም ያደርገዋል። የማያስበው የቲኑን ነገር ነው። የአክስትሽ ልጅ አዲስ አበባ መርካቶ ሄዶ ዕቃ ሲጭን ደረሰኙ የሚቆረጠው በአንቺ ቲን ነው። ገቢዎች ያንን ግዢ ያያል፤ ይህን ያህል የገዛች ይህን ያህል ሸጣለች ብሎ ይገምታል። ግብሩ፣ ቅጣቱና ወለዱ በስምሽ ይመጣል። እሱ ያኔ ወይ ከስሯል፣ ወይ ስልክ አያነሳም። አንዲት እናት እንዲህ ያለ የግብር ውሳኔ ይዘው መጥተው አሳይተውኛል። ስማቸው ከላይ በትልቁ ተጽፏል፣ የሥራው ዓይነት የግንባታ ዕቃ ይላል፤ እሳቸው በዕድሜያቸው የሸጡት እንጀራ ብቻ ነው። "ሱቁ የወንድሜ ልጅ ነው" ቢሉ ያዘነላቸው አልጠፋም፤ ዕዳው ግን ከስማቸው አልተነሳም።

ዕዳ ካለ ክሊራንስ፣ ማለትም ከግብር ዕዳ ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት፣ የለም። ያለ ክሊራንስ ፈቃድ አይታደስም፣ አይመለስም፣ ለሌላ ሥራ አዲስ ልውሰድ ብትዪም ትቸገሪያለሽ።

የአክስትሽ ልጅ የራሱን ያውጣ፤ ምዝገባው አሁን ኢትሬድ በሚባለው የኢንተርኔት የንግድ ምዝገባ ከስልክ ሊጀመር ይችላል። አንቺም ፈቃድሽን መልሺ። ሱቅ መዝጋት ፈቃድ መመለስ አይደለም፤ ምንም ባትሸጪም ፋይልሽ ክፍት ነው፣ ሥራ ላይ እንዳለሽ ይቆጠራል። ፈቃዱን ቀድመሽ ሰጥተሽው ከሆነና የግብር ውሳኔ ከደረሰሽ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትዪ የግብር ባለሙያ ወይም ጠበቃ ያዢ። በፌዴራሉ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ክልሉ የራሱ አዋጅ ስላለው አንቺን የሚመለከተውን ቀን ባለሙያው ይንገርሽ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ቀኑ ካለፈ የሚሰማሽ አታገኚም።

ጅዳ ያለችው እህቴ ብር ልካ በስሟ ሱቅ እንድከፍት ትፈልጋለች፤ እሷ ሳትመጣ ይሆናል?

ይሆናል፣ በውክልና። ጅዳ ባለው ቆንስላ ትስጥህ፤ እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። "ንግድ ፈቃድ ማውጣት" የሚለው ቃል በቃል ይጻፍበት፤ አለዚያ መስኮት ላይ ይመልሱሃል። ፈቃዱም በስሟ ይውጣ እንጂ በአንተ አይሁን፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ያለውን አንብብ።

ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው እስከ መቼ ነው?

እስከ ታኅሣሥ 30። ይህን የጠየቅከኝ አምናም ነበር።