ጥያቄና መልስ፦ ቃለ እግዚአብሔርን በሰልፍ ወረቀት ላይ ማተም ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ቲሸርትና ፖስተር በሲልክ ስክሪን፣ ማለት ቀለምን በወንፊት እያሳለፉ፣ ማተም ነው። በቅርቡ ኮሪታ ኬንት የተባሉ የካቶሊክ መነኩሲት ያተሟቸውን ሥራዎች በኤግዚቢሽን አየሁ። ከዳቦ መጠቅለያ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቀለም ወስደው ስለ ቅዱስ ቁርባን ይናገሩበታል፤ እመቤታችንን ከቲማቲም ጋር ያያያዙበትም አለ። አንዳንዱ ልቤን ነካው፣ አንዳንዱ አስደነገጠኝ። አሁን ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች «ጦርነት ይቁም» ለሚል ሰላማዊ ሰልፍ ጥቅስ ያለበት ወረቀትና ቲሸርት እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። አንድ አባት ሰምተው «ቃለ እግዚአብሔር መፈክር አይደለም» ብለው ተቆጡ። ላትም ወይስ ልተው? ስናትም የሚበላሸውም ብዙ ነው፤ የአምላክ ስም ያለበትን ብላሽ ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ መጣል ይከብደኛል።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ ስለ ብላሹ ወረቀት የጻፍሽው ከሁሉ በላይ ደስ አሰኘኝ። ለብላሹ የሚሳሳ ሰው ለደህናውም ይጠነቀቃል። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ እኒያ ሴት። (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፈው።) ኮሪታ ኬንት በ1918 አዮዋ ውስጥ ተወለዱ፤ በ1936 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የማርያም ንጹሕ ልብ እኅቶች ገዳም ገቡ፤ በገዳሙ ኮሌጅም ሥነ ጥበብ አስተማሩ። በ1962 በዚያችው ከተማ አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል የሾርባ ቆርቆሮዎችን ሥዕል ሲያሳይ ሄደው አዩ። በዚያው ዓመት «ወንደር ብሬድ» ከተባለው የታወቀ ዳቦ ስምና ከመጠቅለያው ክብ ክብ ቀለማት አንድ ኅትመት ሠሩ። ክቦቹ የዳቦ ማስታወቂያ ናቸው፤ በካቶሊኮቹ ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ግን የቁርባናቸው ክብ ኅብስት ናቸው። እኛ የእምነት ትምህርት ከእርሳቸው አንወስድም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓታችንም ሌላ ነው። የሠሩትን መመርመር ግን ይቻላል።

አገራችን ይህን ዓይነቱን አነጋገር ቅኔ ቤት ታውቀዋለች፤ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የሱቅ ዳቦ፣ ወርቁ የሕይወት ኅብስት። መጽሐፍ የሚተረጉሙት ሊቃውንትም ከአንድ ቃል ላይ «አንድም» እያሉ ሁለት ሦስት ፍች ያወጣሉ። ጌታችን ራሱ መንግሥተ ሰማያትን አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት በሸሸገችው እርሾ መስሏታል። እመቤታችንን «መሶበ ወርቅ» ስንል ስሙ የተወሰደው ከየት ይመስልሻል? መሶብ እናትሽ ቤት እንጀራ የሚቀመጥበት ነው። ስለዚህ የጓዳ ዕቃ ለምስጢር መጠሪያ መሆኑ ብቻውን ድፍረት አይደለም።

ታዲያ ቲማቲሙስ? በ1964 የታተመው ሥራ ከታሸገ ቲማቲም ማስታወቂያ ቃል ተውሶ እመቤታችንን «ከሁሉ ይልቅ ጭማቂ የሞላባት ቲማቲም» ይላል። ሐሳቡ ቅድስናዋንና ልምላሜዋን ለማመስገን ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአሜሪካ የመንገድ ቋንቋ «ቲማቲም» ለቆንጆ ሴት የሚወረወር ቃል ነበር፤ ሥራው ቁጣ ያስነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሙ እንዲህ ካደፈ ወርቁ አይጠራም። መሶብ ግን በየትኛውም መንደር ቢነገር የሚያሳፍር ትርጉም የለውም። የቅኔ መምህር ቢሆን ኖሮ ተማሪውን «ቃሉን ለውጥ» ይለው ነበር፤ እኔም ከዚህ የተለየ አልልም። ልብሽ የደነገጠው በትክክል ነው።

እኔን ከሁሉ ያቆመኝ ሌላው የዳቦ ሥራቸው ነው፤ እሱም የ1964 ነው። ርእሱን የወሰዱት ከዮሐንስ ወንጌል 10፥10፣ «ሕይወት እንዲሆንላቸው» ከሚለው ነው። በትልልቅ ፊደል የዳቦው ማስታወቂያ አለ። ጠጋ ስትዪ በእጅ ጽሕፈት ደቃቅ ሆኖ የኬንታኪ የማዕድን ሠራተኛ ሚስት ስለ ቤቷ ችግር የተናገረችው ይነበባል፤ ጋንዲ ለተራበ ሰው እግዚአብሔር በዳቦ መልክ ካልሆነ ሊገለጥለት እንደማይችል የተናገሩትም አለ። ከሩቅ የሚጮኸው ንግዱ ነው፤ የድሃዋን ድምፅ የሚሰማ ግን መቅረብ አለበት። ቅዳሴ ላይ ሥጋ ወደሙን ከመቀበላችን በፊት ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ያዝዛል። ኅብስቱ፣ ሰላሙና የጎረቤት ረሃብ የማይለያዩ መሆናቸውን እኒያ ሴት በቀለም ተናገሩት፤ በዚህ እኔም ተምሬበታለሁ።

በ1965 ነሐሴ ሎስ አንጀለስ ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ለስድስት ቀን ሁከት ሆኖ 34 ሰው ሞተ። ኮሪታ የከተማውን ጋዜጣ የፊት ገጽ ወስደው አተሙት፤ ከሥሩ በቀይ መደብ ላይ አንድ ካህን ክርስቶስ ከተገፉት ጋር ስለ መሆኑ የተናገሩትን ጻፉበት። ርእሱ «ሕዝቤ» ነው። አስተውዪ፣ ጋዜጣው «ሁከተኞች» ያላቸውን ሰዎች እርሳቸው የጠሯቸው እግዚአብሔር እስራኤልን በግብፅ ሳለ በጠራበት ቃል ነው። ድንጋይ አልወረወሩም፣ የተወረወረውንም አላመሰገኑም፤ የሰዎቹን ስም መለሱላቸው። ሰላማዊ ተቃውሞ ሲባል እኔ የማስበው ይህን ነው። በኋላ፣ በ1968፣ ወዳጃቸው አባ ዳንኤል ቤሪጋን ከስምንት ሰዎች ጋር ሆነው፣ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም፣ ሜሪላንድ ውስጥ የወታደር ምልመላ መዝገብ አውጥተው በእሳት አቃጠሉ። ሰው አልጎዱም፤ ግን እሳት በያዘ እጅ ላይ «ሰላም» የሚለውን ቃል ማንበብ ለእኔ ይከብደኛል።

በዚያው ዓመት ኮሪታ ገዳሙን ለቀው ወደ ቦስተን ሄዱ። በቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ ማግሥት በገዳሙ እኅቶችና በሊቀ ጳጳሱ በካርዲናል ማክንታየር መካከል የነበረው አለመግባባት ከብዶ ነበር፤ በ1970 አብዛኞቹ እኅቶችም ስእለታቸውን ትተው ወጡ። ይህን የምነግርሽ ለማውገዝ አይደለም። ወጣቶቻችሁ ግን ከንስሐ አባታቸው ተደብቀው የሚሠሩት ሰልፍ እንዳይሆን ነው።

አሁን ወደ ተቆጡት አባት። ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቃለ እግዚአብሔር መፈክር አይደለም። ነገር ግን እግዚአብሔር ዕንባቆምን «አንባቢው ይፈጥን ዘንድ ራእዩን ጻፍ፥ በጽላትም ላይ ግለጠው» ብሎታል፤ ሮጦ የሚያልፍ ሰው የሚያነበው ትልቅ ጽሑፍ ማለት ነው። ኤርምያስም ቀንበር ሠርቶ በአንገቱ አድርጎ በካህናትና በሕዝብ ፊት ታይቷል። ዕንባቆም ግን ያን ከመታዘዙ በፊት ምን ሲያደርግ ነበር? «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» እያለ ወደ አምላኩ ይጮኽ ነበር። የእኛ ምሕላ ማለት ይህ ነው። ጦርነት፣ ድርቅ፣ ቸነፈር ሲመጣ ሕዝቡ በአደባባይ «እግዚኦ» ይላል። ሰልፍ የሚነገረው ለገዥ ነው፣ ምሕላ ለእግዚአብሔር። ያልጸለዩበትን ቃል ተሸክመው የወጡ እንደሆነ አባታችን የፈሩት ይደርሳል፤ ጥቅሱ ዱላ ይሆናል።

ስለዚህ አትሚላቸው፤ ግን ወረቀቱን ከመያዛቸው በፊት በአንድነት ምሕላ ያድርጉ፤ የተኳረፉም ካሉ ይታረቁ። «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» የሚለውን ጽሑፍ ከወንድሙ ጋር ሰላም የማይባባል ልጅ ተሸክሞት ሲሄድ ማየት አልፈልግም። ጥቅሱን ሙሉውን አትሚው፤ ለሌላው ወገን ስድብ እንዲሆን ተቆርጦ እንዳይወጣ። አጠገቡ የፓርቲ ወይም የብሔር ምልክት አይግባ። ኢሳይያስ 2፥4፣ ሰይፍ ማረሻ ጦርም ማጭድ ስለ መሆኑ የሚናገረው፣ ለሁላችሁም ይበቃል፤ ረጅም ስለሆነ ፊደሉን እንዴት እንደምትደረድሪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ቲሸርት ላይ ቅዱሳት ሥዕላትን አታትሚ። ማተሚያን ንቄ አይደለም፤ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው ምስለ ፍቁር ወልዳ አብዛኛውን ጊዜ ከማተሚያ ቤት የወጣች ናት፣ በፊቷም እንሰግዳለን። ቲሸርት ግን ያልበዋል፣ ይታጠባል፣ መጨረሻው የወለል መወልወያ ነው። ለጥምቀት ታቦት የሚያጅቡት ልጆች የሚለብሱትን እያየሁ ይህንኑ ስናገር «መምህር አካበዱ» ይሉኛል፤ ያካበድሁ አይመስለኝም። መስቀልና አጭር ጥቅስ ይበቃል፤ እናቶቻችን መስቀሉን በግንባራቸው ተነቅሰው ኖረዋል።

ብላሹን ወረቀት በተመለከተ፣ ቀለሙና ወንፊቱ እስኪስተካከል የምታትሚውን የሙከራ ወረቀት ተራ ቃል ባለበት ወንፊት አድርጊው፤ የቃሉን ወንፊት የምታነሺው እጅሽ ከሞቀ በኋላ ይሁን። ከዚያ በኋላ የተበላሸውን በአንድ ካርቶን አጠራቅሚ፤ ከሰልፉ የተረፈውም መንገድ ላይ ሳይጣል ተሰብስቦ ይምጣልሽ። ወረቀቱን ለብቻው በንጹሕ ቦታ አቃጥይውና አመዱን ሰው በማይረግጠው ቅበሪው። ቦታ ካጣሽ እሑድ ይዘሽው ነዪ፤ ከቅዳሴ በኋላ ከዲያቆናቱ ጋር እናደርገዋለን።