የተበሳሳው ቅጠል የሚፈልገው ብረት አይደለም

የዓሣ ገንዳህ ተክሎች አሮጌ ቅጠሎች በመርፌ እንደተወጉ ተበሳስተው፣ የቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ፣ አዲሶቹ ደህና ከሆኑ የጎደለው በአብዛኛው ፖታሲየም ነው። የብረት እጥረት ቢሆን የሚገረጡት አዲሶቹ ነበሩ፤ ተክሉ ብረትን ከአሮጌ ቅጠል አንሥቶ ለአዲሱ መስጠት አይችልምና። ስለዚህ የብረት ጠብታ ገዝተህ ከሆነ ለጊዜው አስቀምጠው።

ለ100 ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ፖታሲየም ሰልፌት (ፖታሲየም ያለበት የማዳበሪያ ጨው) በብርጭቆ ውሃ አሟሟና በየሳምንቱ ውሃ ከቀየርህ በኋላ ጨምር። የተበሳው ቅጠል አይድንም፤ ቁረጠውና የሚበቅለውን ተከታተል።

በከተማህ ፖታሲየም ሰልፌት አጣሁ ብለህ ግን ከገበሬ ዘመድ ዩሪያ ለምነህ እንዳትጨምር፣ አደራ። ዩሪያ ውሃው ውስጥ ዓሣ ወደሚገድል አሞኒያ ይለወጣል። እዚህ ደሴ አንድ ጎረቤቴ «ማዳበሪያ ያው ማዳበሪያ ነው» ብሎ ዓሣዎቹን ሲፈጅ አይቻለሁ።